እናቴ የረገጠችው ድንጋይ

ባለፈው በጋ የቤቴን ደጃፍ ኮብልስቶን ሊያነጥፉ የመጡ ወጣቶች መዶሻቸውን ማሳረፍ ሲጀምሩ፣ ያ የተመታ ድንጋይ ሽታ፣ ክብሪት ተጭሮ ወዲያው የጠፋ የሚመስለው ሽታ፣ በመስኮት ገብቶ ጋደም ካልኩበት አስነሣኝና አባቴ ከሥራ የገባ መስሎኝ ሻሼን አስተካክዬ ቁጭ አልኩ። አባቴ ከሞተ ስንት ዘመኑ። እኔም ሰማንያ ሊሞላኝ ምንም ያህል አልቀረኝም፤ አፍንጫ ግን እርጅና አያውቅም መሰለኝ፣ ከዓይኔም ከጆሮዬም ይልቅ ታማኝ ሆኖ የቀረኝ እሱ ነው።

አባቴ ሁሴን ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ቤታችን ከሸዋ ሮቢት ወረድ ብሎ በሮቢ ወንዝ አፋፍ ላይ ነበር፤ የቀወት ሴቶች ማሽላ የሚፈጩበትን ወፍጮ እየጠረበ፣ የደነዘዘውን እየወቀረ ያሳድረን ነበር። ሰው ሲሞት ደግሞ የቀብር ድንጋይ ላይ በዐረብኛ ፊደል ስም ይቀርጽ ነበር። ለዚህኛው ሥራ አንድ ሕግ ነበረው፤ ድንጋዩን ጠርቦ ካለሰለሰ በኋላ አንድ ክረምት ሙሉ ሜዳ ላይ ይተወውና፣ ዝናብና ፀሐይ ተፈራርቀውበት ካልተሰነጠቀ ካልተላጠ ብቻ መሮውን ያነሣ ነበር። «ክረምት ያልፈተነው ድንጋይ ላይ የሰው ስም አልጽፍም» ይል ነበር፤ የሟች ቤተሰቦች ቢያስቸኩሉት፣ ቢቆጡት፣ አማላጅ ቢልኩበት ከዚህ ንቅንቅ አይልም ነበር።

በኛ ቤት ጽሕፈት አይረገጥም ነበር። በኛ ቤት ብቻ አይደለም፣ በመንደሩ ሁሉ፤ መሬት ላይ የወደቀ የተጻፈበት ብጣሽ ያገኘ ሰው አንሥቶ ስሞ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይሰካው ነበር። አብዛኞቻችን ማንበብ ስለማንችል ቅዱሱን ከተራው መለየት አንችልም ነበርና ሁሉንም እንስም ነበር። ጣሊያን ከገባ በኋላ እኔ ራሴ ስንት የሳሙና መጠቅለያ እንደሳምኩ አላህ ይወቀው።

ከጽሕፈት ሁሉ በላይ የምንፈራው የአያቴን የሼህ ኑሩን ድንጋይ ነበር። አያቴ የመንደሩን ልጆች ቁርኣን እያስቀሩ ያስተምሩ የነበሩ ሰው ሲሆኑ፣ አባቴ ቁመተ ረጅም ጥቁር ድንጋይ ጠርቦ፣ በክረምቱ አስፈትኖ፣ ከራሳቸው ስም ጀምሮ ሰባት ትውልድ ቆጥሮ ቀርጾበት ቀብራቸው ላይ አጋድሞት ነበር። ከእሱ አለፍ ብሎ በቁርቁራው ዛፍ ሥር ሌላ ድንጋይ ነበር፣ እንደ እርጎ የነጣ። ከእኔ በታች የተወለደው ወንድሜ ጣሊያን በገባ በመጀመሪያው በጋ ዓመት ሳይሞላው ሲሞት፣ አባቴ ለሕፃን ጥቁር ድንጋይ ይከብደዋል ብሎ ከሩቅ ገደል ያመጣው ነበር። እንደ ልማዱ ክረምት ቢያሳልፍበት ግን ውሃ ጠጥቶ ላዩ እንደ ሽንኩርት ተላጠ፤ አባቴም የተላጠውን ፊት ወደ መሬት ገልብጦ ተወውና ለወንድሜ ትንሽ ጥቁር ድንጋይ አቆመለት።

እናቴ ዘሃራ የአሊዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ነበረች፤ በጨውና በበርበሬ ጆንያ መሀል ነው ያደገችው። ገበያ አብሬያት ስሄድ፣ የፈለገችውን ዕቃ ቀና ብላ አታየውም ነበር፣ የማትፈልገውን አንሥታ እያገላበጠች ስትከራከር ቆይታ፣ ልትሄድ ስትል ብቻ «በሉ እንግዲህ ያንንም ጨምሩልኝ» ትልና ይዛው ትመለስ ነበር። «ሰው አፍሽን አያምንም፤ ዓይንሽን ነው የሚያምነው» ትለኝ ነበር።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው በጋ የሚያሠራው መንገድ ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ፣ ፈንጂው ቆላውን እያንቀጠቀጠ፣ የሰው ከብት ያስጨነግፍ ነበር። ወንዶቹ ሁሉ በግዳጅ ድንጋይ ተሸካሚ ሆነው ነበር። የሥራው አዛዥ፣ ካፖ የምንለው፣ አጭር፣ ቀይ አንገት ያለው ሰው ነበር፤ ሐበሻ በተናገረው ቁጥር ተቃራኒውን የሚያደርግ፣ በዚህም ራሱን እንደ ብልህ የሚቆጥር። «ውሃው ከዚህ ይወርዳል» ሲሉት ከዚህ አይወርድም ብሎ የሠራውን ካብ ጎርፍ ሁለት ጊዜ ወስዶበታል።

በሮቢ ላይ የተሠራው ድልድይ ሲያልቅ፣ የአለቃቸው ስምና ዘመናቸው የሚቀረጽበት ድንጋይ አስፈለገ። አንድ ማለዳ ካፖው አስተርጓሚውንና ሁለት ወታደር አስከትሎ አባቴን ከቤት አስወጥቶ ወደ ቀብሩ ወሰደው፤ እናቴም እኔን በእጇ ይዛ ተከተለች፣ የሰፈሩም ሰው ነቅሎ ወጣ። ካፖው የአያቴን ድንጋይ በከዘራው መታ መታ አድርጎ ድምፁን ሰማና ፈገግ አለ።

«ይህ ነገ ይነሣ፤ የላዩን ጽሕፈት ፍቀህ የእኛን ትጽፍበታለህ፤ እንቢ ካልክ ትሰቀላለህ ነው የሚልህ» አለ አስተርጓሚው።

«ያባቴ ቀብር ነው» አለ አባቴ። መዋሸት የማይችል ሰው ነበር፤ ይህን ድንጋይ ከመፋቅም መሰቀሉን እንደሚመርጥ መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ያኔ እናቴ እጄን ለቀቀችና ሄዳ የአያቴ ድንጋይ ላይ ወጣች። በባዶ እግሯ፣ ሰባቱ ስሞች ላይ ቆመች። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ያ አላህ» ስትል ሰማሁ።

«ምን ያከራክራችኋል» አለች እናቴ፣ በተረከዟ እየጠቆመች። «ይህን ውሰዱት ጌታው፤ ጠንካራ ነው፣ ጥሩ ድንጋይ ነው። ዛሬውኑ ውሰዱት፤ ባሌ እንቢ ቢል እኔ ሰጥቻለሁ።»

ይህን ብላ ወርዳ ሮጠችና ቁርቁራው ሥር ነጩ ድንጋይ ላይ ተደፋች፣ ሻሿን ፈታ አለበሰችው። «ይህን ብቻ አትንኩብኝ፤ ይህ የልጄ ነው፤ ያንን ውሰዱና ይህን ተዉልኝ» እያለች አለቀሰች። ውሸት የመሰለው ለቅሶ ውሸት አልነበረም፤ ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ እንዲህ ስታለቅስ አይቼያት አላውቅም።

ካፖው ጥቁሩን አየ፣ ነጩን አየ፣ እናቴን አየ። ከዚያ ሳቀና በከዘራው ወደ ነጩ ጠቆመ።

ወታደሮቹ እናቴን ጎትተው አነሷት። አባቴ ነጩን ድንጋይ አስጭኖ ወረደ። የሰፈሩ ሰው የነጩን ድንጋይ ነገር አያውቅም ነበር፤ ያየው አንዲት ሴት የአማቷን ቀብር ረግጣ ለጣሊያን ስትሰጥ ነው። ለማስረዳት ደግሞ አይቻልም፤ ያ አስተርጓሚ ጆሮው በየቤቱ ነበር፣ ምሥጢሩ ቢወጣ አባቴም እናቴም ባንድ ግንድ ነበር የሚሰቀሉት። እናም እናቴ አፏን ዘጋች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴቶቹ ከእሷ ጋር ውሃ መውረድ ተዉ። ሠርግ ሲሆን አልተጠራችም፣ ሶደቃ ሲደረግ ድርሻዋ አልመጣም፤ የሴቶቹ ሁሉ ታላቅ የሆኑት እትዬ መርየም መንገድ ላይ ሲያገኟት ፊታቸውን ወደ እሾኹ አጥር ያዞሩ ነበር። እኔን ልጆቹ «የረጋጯ ልጅ» ይሉኝ ጀመር። አንድ ቀን እያለቀስኩ ገብቼ «ለምን ረገጥሽው?» አልኳት።

«የረገጠው የኔ እግር ነው» አለችኝ እንስራዋን እያነሣች። «ያንቺን እግር ምን አመመው?»

ከዚህ የበለጠ አልነገረችኝም። እኔም፣ ዛሬ ድረስ የማፍርበት ነገር፣ ክረምት እስኪገባ ድረስ ገበያ ስንወርድ እጇን አልይዝም ነበር፤ ሰው እንዳያየን አሥር እርምጃ ከኋላዋ እሄድ ነበር። እሷም ዞር ብላ «ነይ» አላለችኝም።

አባቴ በበኩሉ ድልድዩ አጠገብ ዳስ ተሠርቶለት፣ የተላጠውን ጀርባ ጠርቦ አስተካክሎ፣ ወረቀት ላይ የሰጡትን የማያውቀውን ፊደል ወደ ደህናው ፊት ይገለብጥ ነበር። ሥራው ሃያ ቀን ፈጀ። ምሳ ላደርስለት ስሄድ አየው ነበር፤ እንደዚያ ያማረ ፊደል ወጥቶለት አያውቅም፤ ጠርዙ ስለት፣ መስመሩ ቀጥ ያለ። ተናድጄ «ለነሱ እንዲህ ታሳምርላቸዋለህ?» ብለው፣ መሮውን ሳያነሣ «ሥራው የኔ ነው፤ ድንጋዩ የነሱ ነው» አለኝ። ሲመረቅ ጥሩንባ ተነፋ፣ ባንዲራ ተሰቀለ፣ እኛንም አሰልፈው አስጨበጨቡን። እኔም አጨበጨብኩ፣ ካላጨበጨቡ አለንጋ ነበርና።

በልግ ላይ ጥቂት ካፊያ ጣለ። አባቴ ከሥራ ሲመለስ በድልድዩ በኩል ዞሮ መጣና፣ እናቴን አየት አድርጎ «ጀምሯል» አላት፤ እሷም «አልሐምዱሊላህ» ብላ ማሽላዋን ማበጠር ቀጠለች። ምን እንደጀመረ አልገባኝም ነበር። የገባኝ ክረምቱ ሲመጣ ነው፤ ያ የቆላ ዝናብ ሦስት ቀን ወርዶ ፀሐይ ስትወጣበት፣ ያ ሁሉ ያማረ ፊደል ከነግርማው እንደ ቅርፊት እየተላጠ መንገዱ ላይ ይረግፍ ጀመር። የአለቃቸው ስም መጀመሪያ ግማሹ፣ በሳምንቱ ሁሉም ወረደ።

ያን ማለዳ ውሃ ልንቀዳ የወረድን ሁሉ ድልድዩ አፍ ላይ ቆምን። መንገዱ በረገፈ ፊደል ተሸፍኖ ነበር፣ ጽሕፈት ደግሞ አይረገጥም፤ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ እንስም ወይስ እንለፍ በሚል እግራቸውን አንሥተው ቀሩ። እትዬ መርየም ጎንበስ ብለው አንዱን ስባሪ አነሡና በጣታቸው ሲያሹት ዱቄት ሆነ። ቀና ብለው ወደ ቀብሩ አዩ፣ ጥቁሩ ድንጋይ በዝናቡ ታጥቦ ሲያብረቀርቅ አዩ፣ ከዚያ ከሁላችን ርቃ ብቻዋን የቆመችውን እናቴን አዩ። እንስራቸውን አዝለው፣ በፊደሉ መሀል፣ እየሰባበሩት፣ ቀስ ብለው አለፉበት። ሌሎቹም ተከተሉ፤ እኔም፣ ያ ድቅቅ የሚል ድምፅ ከእግሬ ሥር ሲወጣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ማዶ ስደርስ ግን ዞሬ ወደ ኋላ ሮጥኩና የእናቴን እጅ ያዝኩ።

ካፖው አባቴን አስጠርቶ ፊቱን በአለንጋ ተለተለው። አባቴም «ባለቤቴ ጥቁሩን ውሰዱ ብላ ነበር፤ አገር ሰምቷል። ነጩን የመረጡት እርስዎ ነዎት» አለ፤ ውሸት አልነበረበትምና ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ካፖው ነገሩን ወደ በላይ ቢያመለክት ድንጋዩን የመረጠው ራሱ መሆኑ ሊወጣ ነው። አባቴን ሁለት ሳምንት አሳስሮ ለቀቀውና፣ ባዶውን ፊት በሲሚንቶ አስለስኖ ሌላ ሳይጽፍበት ጣሊያን ከአገር ወጣ። ጠባሳው ግን ከአባቴ ጉንጭ ላይ እስኪሞት አልጠፋም።

አባቴ ከታሰረበት ሳይፈታ አንድ ጠዋት እትዬ መርየም እንስራቸውን ይዘው ደጃችን መጡ።

«ዘሃራ፣ ነይ ውሃ እንውረድ» አሉ።

«ብቻዬን መውረድ ለምጃለሁ እትዬ» አለች እናቴ፣ ቀና ሳትል።

እትዬ መርየም አልሄዱም፤ ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቁ። እናቴም ብዙ ካስቆመቻቸው በኋላ እንስራዋን አነሣችና አብረው ወረዱ። ይቅርታ የሚል ቃል ከማናቸውም አልሰማሁም፤ በአገራችን ኩሩ ሰው ሲታረቅ እንዲህ ነው።

ሰው ይቅር ቢላትም እናቴ ግን ለራሷ ይቅር አላለችም። እስክትሞት ድረስ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ያን ጥቁር ድንጋይ አጥባ «አፉ በሉኝ አባባ» ትል ነበር። መሞቷ ሲደርስ አስጠርታን፣ ከአያቴ ድንጋይ እግርጌ እንድትቀበር፣ ላይዋም ላይ ድንጋይ እንዳይደረግባት ተናዘዘች። «ረግጫቸዋለሁ፤ እግራቸው እኔ ላይ ይረፍ» አለች። አባቴ የስንቱን ስም የጻፈ ሰው፣ የሚስቱን ሳይጽፍ ሞተ።

ያኔ አንድ እግር አንድ ድንጋይ ላይ ስላረፈ መንደር ሙሉ ፊቱን ያዞር ነበር። ዛሬ መንገዱ አስፋልት ሆኖ፣ ባጃጁ ሳይቀር ጀርባው ላይ ተጽፎበት፣ ጽሕፈት እንደ አቧራ በዝቶ የትም ይረገጣል፤ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ የሚሰካውም የለም። ተማሪዎች ስልካቸውን ይዘው የአያቴን ድንጋይ ፎቶ ሊያነሡ ይመጣሉ፤ ሰባቱም ስሞች ዛሬም ይነበባሉ። ፊደሉ የሚቀናው ከእግርጌ ሆኖ ለሚያይ ስለሆነ፣ ሁሉም ሳያውቁ ሜዳ መስሏቸው እናቴ ላይ ይቆማሉ። መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ በትሬን አንሥቼ ልማታቸው ነበር። አሁን ግን ቁርቁራው ሥር ቁጭ ብዬ «ራቅ ብላችሁ አትቁሙ ልጆቼ፤ ጠጋ በሉ፤ ደህና የሚነበበው ከዚያ ላይ ነው» እላቸዋለሁ።