በገና ዕለት የጠፋው የሆኪ ዱላዬ

ገና በመጣ ቁጥር እህት ወንድሞቼ «ዱላሽስ የት አለ?» እያሉ ያሾፉብኛል። ይሹፉ! ያን ቀን የሮጥኩትን እነሱ አልሮጡትም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ቤታችን ቀራንዮ ነበር፤ እኔም የሴቶች ሆኪ ቡድን ውስጥ ገብቼ ነበር። በገና ማግስት ከጎረቤት አገሮች ከመጡ ሴቶች ጋር ውድድር ልንጀምር ነው። ዱላዎቹ ከውጭ የመጡ፣ በልክ የተሰጡን ናቸው። አሠልጣኛችን አስፈርሞ ሲሰጠን «የመንግሥት ንብረት ነው፤ ዱላ የሌላት አትጫወትም፣ የጠፋባት ደግሞ ትጠየቃለች» ብሎናል። ያኔ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል።

የገና ዕለት ረፋዱ ላይ ከበሩ ጀርባ ያቆምኩትን ዱላ ባየው የለም። አልጋ ሥር የለም፣ ጓዳ የለም።

«እማዬ፣ ዱላዬስ?»

«አጎትሽ ይዞት ወጣ መሰለኝ፤ ገና ሊጫወት።»

ክው አልኩ። አጎቴ ለበዓል ከቡልጋ የመጣ እንግዳ ነው። በገና ዕለት ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ በር ጀርባ ቆሞ ሲያገኝ ሌላ ምን ያስብ?

በነጠላ ጫማ ሜዳው ድረስ በረርኩ። አቧራው፣ ጩኸቱ፣ ግፊያው አይጣል ነው። አጎቴን ከመሀል ጎትቼ አወጣሁት። በእጁ የያዘው ግን የእኔን አይደለም፤ ያረጀ የወይራ ዱላ ነው።

«ያ ያንቺማ አንድ ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ድቡልቡል! በጀርባው ስመታት እሩሯ ጠማማ ሄደችብኝ። ይሄን ተመርኩዘው የሚያዩ ሽማግሌ ነበሩ፣ ተለዋወጥን» አለኝ፣ ብልጠቱ እያኮራው።

«የት አሉ ታዲያ?»

«ደከመኝ ብለው ወደ ቤቴል ሄዱ።»

እንባዬ መጣ። መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ «ቆልማማ ዱላ የያዙ ሽማግሌ አላያችሁም?» እላለሁ። በገና ዕለት! ሰፈሩ በሙሉ ቆልማማ ዱላ ይዞ ነው የሚዞረው፤ ሳቁብኝ።

በመጨረሻ አንድ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዱላዬን ዘቅዝቀው፣ ቆልማማውን እንደ እጀታ ጨብጠውታል። እያለከለክሁ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«በዚህ ነው ነገ ከውጭ ሴቶች ጋር የምትጫወቺው?»

«አዎ አባባ።»

«በይ እንኪ ልጄ። መድኃኔዓለም ይከተልሽ።»

እቅፍ አድርጌው ልፈተለክ ስል ለመነሳት ሲታገሉ አየሁ። ለካ የእሳቸውን ዱላ በድንጋጤ አጎቴ እጅ ላይ ትቼው ነው የመጣሁት! አፈርኩ። ዱላዬን መልሼ አስያዝኳቸው፤ በሌላ በኩል ክንዳቸውን ደግፌ ቀስ እያልን ተመለስን። በጎረምሳነታቸው እንዴት ይጫወቱ እንደነበር መንገዱን ሙሉ አወሩልኝ።

አጎቴ ዱላቸውን መለሰላቸው፤ የእኔም እጄ ገባ። እፎይ! ጭረት እንኳ አልነካውም። አጎቴን ልቆጣው አፌን ስከፍት ሽማግሌው ቀደሙኝ፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ! ተይው።» ሳቄ አመለጠኝ።

በማግስቱ ተጫወትን፤ ተሸነፍንም። ውድድሩ አልቆ ዱላዬን ሳስረክብ አሠልጣኛችን የእጀታውን ጫፍ አገላብጦ «ይሄ ሁሉ አፈር ምንድን ነው?» አለኝ። «ልምምድ» አልኩት። ከፈረምኩበት መዝገብ ላይ ስሜ ሲሰረዝልኝ ነው ልቤ በደንብ የተመለሰችው።

ዛሬ ጉልበቴ እያስቸገረኝ እኔም ምርኩዝ ይዣለሁ። ከተቀመጡበት ያለሱ መነሳት ምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። እኚያ ሰው ግን «በይ እንኪ» ሲሉኝ አንዴም አላመነቱም። ነፍሳቸውን ይማር።