መሠረትና መሠረተ ትምህርት

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም በዘመድ አዝማዱ ዘንድ «ኢንጂነር» ነበር። ማዕረጉን ያገኘው መንገድ ሲቀየስ የቀያሾቹን ዘንግ በመያዝ ነው። የሚጠበቅበት ሳይንቀሳቀስ መቆም ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ይችልበታል።

ጊዜው የደርግ ነው። እናቴ ዓይኗ ደክሞ ብቻዋን መኖር ስላቃታት እኛ ዘንድ ድሬዳዋ መጣች። ቤታችን ጠባብ ስለነበር ቀበሌው በጓሮ በኩል አንዲት ክፍል እንድንቀጥልላት ፈቀደ። ሰፈራችን ከደቻቱ ወንዝ ብዙ አይርቅም። ደቻቱ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፤ ክረምት ላይ ግን ተራራው ላይ ዘንቦ፣ እዚህ ጠብ ሳይል ጎርፉ ከተፍ ይላል። እንዲህ ያለ ቦታ ቤት የሚቀጥል ሰው እግሩ ሥር ያለውን ማወቅ አለበት።

ቆፋሪው ጉልበቱ ድረስ እንደወረደ አፈሩ ጠቆረ። የዓሣ ጣሳ ወጣ፤ ከዚያ የፍየል መንጋጋ፣ ከዚያ አንድ እግር ነጠላ ጫማ።

«አቦ፣ ልቁም ወይስ ሁለተኛውን እግር ልፈልግላችሁ?» አለ።

ኢንጂነሩ ከሐረር ተጠርቶ መጣ። ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ቁጢጥ አለ፤ አንድ ጭብጥ አፈር ጨመቀ፣ አሸተተ፣ በመጨረሻም ቆንጠር አድርጎ ምላሱ ላይ ጣል አደረገና ዓይኑን ጨፈነ። ወጥ የሚቀምስ ነበር የሚመስለው።

«ወርቅ የሆነ አፈር! እዚሁ ላይ ድንጋዩን ደርድሩ። የወጣውንም መልሳችሁ ሙሉበት።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሰው የደፋው ሙሌት ነው። ዋናው መሬት ገና ከታች ነው» አልኩ።

መልሱን የሰጠው ለባሌ ነው። «ሚስትህ መሠረት ልታስተምረኝ ነው?» ከዚያ ወደኔ ዞረ። «እህቴ፣ አንቺ የተማርሽው መሠረተ ትምህርት ነው፤ መሠረት ሌላ ነው!»

ጓሮው በሳቅ ሞላ። ባሌም ሳቀ።

እውነት ነው፣ ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን የማታ ትምህርት ገብቼ እጄ የገባውን መጽሐፍ ሁሉ ከሽፋን እስከ ሽፋን አንብቤያለሁ፤ የእርሻ መማሪያውን ጭምር። ኢንጂነሩ በልጅነቱ ተምሮ ከጨረሰ ወዲህ ምን እንዳነበበ እንጃ።

መማሪያው እንደሚለው በማርማላታ ጠርሙስ አፈሩን እስከ ግማሽ ሞልቼ፣ ውኃ ጨምሬ፣ ደህና አድርጌ ናጥኩና መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ደህና አፈር ቢሆን አሸዋው ከታች፣ ደቃቁ ከላይ ይዘቅጣል። የኛው ከሰል፣ ገለባና የዶሮ ላባ አንሳፈፈ፤ የዘቀጠው ደግሞ አመድ ነው። ጠርሙሱን ኢንጂነሩ ምሳ ሲበላ ፊቱ አኖርኩለት።

«ውኃሽ ቆሻሻ ነው» ብሎ መብላቱን ቀጠለ።

ክፍሉ ወርቁ ላይ ተሠራ። ተለሰነ፣ ኖራ ተቀባ። የእናቴን አልጋ ሊያስገቡ ሲያነሱ ግን ጫፉን ይዤ አልለቅም አልኩ።

«እናቴ አመድ ላይ አትተኛም። ወርቅ ነው ያለ ሰው ይተኛበት!»

ጮኼ ስናገር ሰምቶኝ ስለማያውቅ ባሌ አልጋውን መሬት አስቀመጠ። ኢንጂነሩ ደረቱን ነፋ። «እኔ እተኛበታለሁ! ክረምቱን ሙሉ!»

ክረምቱን ሙሉ አልተኛበትም። የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ባደረ ማግስት ጠዋት ጩኸት ሰማን። ማዕዘኑ ሰምጦ፣ መቃኑ ጠሞ፣ በሩ ተቀርቅሮበታል።

«እህቴ! ክፈቺልኝ እንጂ!»

«አልተቆለፈም እኮ ጋሼ። ይግፉት።»

ሲገፋው ልስኑ አናቱ ላይ ይረግፍበት ጀመር። ባሌ መስኮቱን ነቅሎ በዚያ ጎተተው፤ ኖራ በኖራ ሆኖ፣ ሱሪውን ምስማር ቀዶት ወጣ። ባሌ ያን ጠዋት አልሳቀም።

እናቴ ዋናው ቤት ውስጥ አልጋዋ ላይ ሆና፣ «ሰውዬው ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው?» አለችኝ።

«መሠረተ ትምህርት ጀምሮ ነው፣ እማዬ።»

«ተይ እንጂ! በዚህ ዕድሜው?»

«አዎ። ትንሽ ከብዶታል።»

«ኧረ በርታ በዪው» አለች።