በክንፈ ግንባር ላይ የተለጠፈችው ብር

ዘንድሮ የግንቦት ልደታን ንፍሮ የበላነው ኮንዶሚኒየሙ ሥር፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። ሴቶቹ ስንዴና ባቄላውን ቀቅለው በትልቅ ሳፋ አወረዱት፤ ዳቦው ተቆረሰ፤ ተመረቅን። እናቴን ጉልበቷ ደረጃ ስለማያስወርዳት ድርሻዋን በሳህን ይዤላት ወጣሁ። ቤት ስገባ ሬዲዮኑ ተከፍቷል፤ ጋዜጠኛዋ እንግዳዋን እያሞካሸች ነው። "የአማርኛ ራፕ ፈር ቀዳጅ፣ የልደታው ልጅ፣ ክንፈ!" አለች። ሳህኑን ጠንከር አድርጌ ሳላስቀምጠው አልቀረሁም፤ ባቄላው ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

"ቀስ በል እንጂ መስፍኔ፣" አለች እናቴ።

ቀስ! ይኼን ሁሉ ዓመት ቀስ ብያለሁ። ሰው ሲያረጅ ቅናቱም አብሮት ያረጃል የሚሉ አሉ። ውሸታቸውን ነው። እኔ ጸጉሬ ሸብቷል፣ ያለ መነጽር ጋዜጣ አላነብም፤ ቅናቴ ግን አንድ ሽበት የለባትም።

ድሮ፣ ሰፈራችን ሳይፈርስ በፊት፣ ከልደታ ማርያም ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ዳር በጭቃ ቤት ነበር የምንኖረው። እናቴን ሰፈሩ እትዬ የሺ ይላታል፤ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጧፍና ሻማ ትሸጣለች። ክንፈ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ነበር። እናቱ በልጅነቱ ሞታበት ጋራዥ ከሚሠራ አጎቱ ጋር ነው የሚኖረው፤ ስለዚህ ምሳውም እራቱም እኛ ቤት ነው። እናቴ ስታጎርስ መጀመሪያ የምታጎርሰው እሱን ነው። "እናት የለውም፣ አንተ እኔ አለሁልህ፣" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን እንቁላሉ ሁልጊዜ በእሱ ጉርሻ ውስጥ ነበር የሚገኘው። እንግዲህ ቅናቴ ከራፑ በፊት በጉርሻ ነው የጀመረው።

ራፕን ለሰፈሩ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይኼን ማንም ጋዜጠኛ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔ ግን እናገራለሁ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካሴት የሚቀዳ ሙዚቃ ቤት ነበር፤ እዚያ የፈረንጅ ራፕ አስቀድቼ ቴፕ ላይ ደግሜ ደጋግሜ እየመለስኩ አዳምጥ ነበር። እንግሊዝኛዬ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ነው፤ ያ ሁሉ ጥድፊያ ምኑ ይገባኛል? ስለዚህ ድምፁን እንደሰማሁት በፊደላችን ወረቀት ላይ እየጻፍኩ በቃሌ አጠናሁት። የአጎቴን ሰፊ ሱሪ በገመድ አስሬ፣ ኮፍያዬን ወደ ኋላ አዙሬ፣ ራሴን "ኤምሲ መስ" አልኩ። የሰፈሩ ሴቶች ልጆች ሳልፍ ይሳሳቁ ነበር፤ ወደውኝ መስሎኝ።

ክንፈ ያኔ ትምህርቱን ትቶ በልደታና በመርካቶ መካከል በሚመላለስ ታክሲ ላይ ወያላ ሆኗል። ድምፁ ከሩቅ ነው የሚታወቀው። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የታክሲውን ጎን በመዳፉ ይመታል፤ ሲጣራ ደግሞ ቃሉን እየሰበረ፣ እየጎተተ፣ ሕዝቡን ያስቃል። አንድ ቀን ልምምዴን ቁጭ ብሎ አዳመጠኝና፣

"ጀለሴ፣ አሪፍ ነው። ግን ምን ማለት ነው?" አለኝ።

"ራፕ አይተረጎምም።"

"እሺ፣ ላንተስ ገብቶሃል?"

"ስሜቱ ገብቶኛል።"

ትንሽ አሰበና፣ "በአማርኛ አይሆንም እንዴ?" አለ።

ሳቄ አመለጠኝ። "በአማርኛ ራፕ? ምን ልትል ነው፣ 'ወራጅ አለ'?"

እሱም ሳቀ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

የግንቦት ልደታ መጣ። ሙቀቱ ከቆርቆሮው ላይ ይነዳል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰማዩ ይጠቁርና እንደ መፎከር ይልና ይተወዋል፤ ግንቦት እንዲህ ነው። እናቶች እንደ ልማዳቸው ግቢያችን ደጅ ካለው ዛፍ ሥር ንፍሮውን ጥደዋል። እኛ ወጣቶቹ ሁለት ጠረጴዛ ገጥመን መድረክ ሠራን፤ ከሙዚቃ ቤቱ ስፒከር ለምነን አመጣን። እናቴ ያን ቀን ጧፏን በጊዜ ሰብስባ መጣች። "የልጄን ዘፈን ልሰማ ነው፣" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ።

እኔ ያን ቀን የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። እንደምታውቁት እኛ ዘንድ ዘፋኝ ያስደሰተው ሰው ተነስቶ ብር በምራቁ አርጥቦ ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል፤ ማን ማንን እንዳከበረ ሁሉም ያያል። እናቴ በዚያ ሁሉ ጎረቤት ፊት ተነስታ ግንባሬ ላይ እንድትለጥፍልኝ ነበር የፈለግኩት። እንቁላሉን ለክንፈ ትስጠው፤ ይቺን ግን ለእኔ።

ካሴቱ ተከፈተ። አንዲት ቃል ሳልስት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አወረድኩት። እኩዮቼ ዘለሉ፣ አፏጩ። እናቶቹ ንፍሮአቸውን ይዘግናሉ። እናቴ ብቻ ዓይኗን ከአፌ ላይ አልነቀለችም፤ ሐኪም የሚለውን ለመስማት እንደሚጥር በሽተኛ። በእጇ ነጠላዋ ጫፍ ላይ የተቋጠረ ነገር ይዛለች። ስጨርስ አጨበጨበች። እንዴት መሰላችሁ? ለእንግዳ እንደሚጨበጨበው፣ በጨዋ ደንብ።

ከዚያ ክንፈ ጠረጴዛው ላይ ወጣ። ካሴት የለው፣ ሰፊ ሱሪ የለው፤ ከታክሲ መውረዱ ነው። ባዶ ጀሪካን ጉያው ውስጥ ከትቶ በመዳፉ መምታት ጀመረ፤ ታክሲው ሂድ ሲባል የሚመታውን ምት። ከዚያ አፉን ከፈተ።

"ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ወደ ውስጥ ዝለቁ፣
ልደታ ወራጅ አለ፣ በሩን ልቀቁ!"

የንፍሮው ጭልፋ ቆመ። የእኔው ፌዝ! የእኔኑ ፌዝ አንስቶ፣ አጥቦ፣ አልብሶ አመጣው። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ድምፁን ዝቅ አደረገና ቀጠለ።

"ከበሩ ቆማለች ጧፍ ሻጯ እናቴ፣
በሷ ጧፍ አይደል ወይ የበራው ሕይወቴ።
ሰማይ ሲያፈስባት ነጠላዋ ቢርስ፣
ጧፉን ታቅፋለች፣ እሱ እንዳይበሰብስ።"

እናቴ አለ። የኔን እናት እናቴ አለ! ዝናብ በመጣ ቁጥር ጧፉን በነጠላዋ ሸፍና እሷ ስትበሰብስ አጠገቧ ቆሜ የምንቀጠቀጠው እኔ ነበርኩ። ስንት ክረምት አይቼዋለሁ። ግን ይኼ የሚባል ነገር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ግጥም ከባሕር ማዶ የሚመጣ መስሎኝ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይኼ ነው።

እናቴ ተነሳች። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ የነጠላዋን ቋጠሮ በጥርሷ ፈትታ አንድ ብር አወጣች፤ በምራቋ አረጠበቻትና ግንባሩ ላይ ለጠፈችለት። እልልታው ቀለጠ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ምን ላድርግ?

ማታ ቤት ገብተን አኩርፌ ራቴን አልነካም አልኩ።

"ምን ሆንክ?" አለች።

"ለእሱ ሰጠሽ።"

"ላንተ ነበር እኮ ጠዋት የቋጠርኳት፣" አለች፣ ምንም ሳትደብቅ። "አንድ የማውቀው ቃል እስክትል ጠበቅኩህ። አላልክም ልጄ።"

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ አገር ያውቀዋል። ካሴት ሻጮቹ መጀመሪያ "ይኼ ዘፈን ነው ወይስ የታክሲ ጥሪ?" እያሉ አባረሩት። ጥቂት ዓመት በየሠርጉና በየትምህርት ቤቱ በነጻ ተጫወተ። ከዚያ ካሴቱ ወጣና ታክሲው ሁሉ እሱን ብቻ አጫወተ። እኔ ያኔ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ከልደታ ስታዲየም በታክሲ ስመላለስ፣ አጠገቤ የተቀመጠ የማላውቀው ጎረምሳ ዓይኑን ጨፍኖ "ጧፍ ሻጯ እናቴ" ይላል። የማን እናት? ወርጄ በእግሬ የሄድኩባቸው ቀኖች አሉ። በኋላ እሱን አይተው ስንት ልጆች በአማርኛ መራፕ ጀመሩ፤ ሁሉም ጋሼ ክንፈ ይሉታል።

ዛሬ ጋዜጠኛዋ፣ "ከተሸለምካቸው ሁሉ የትኛውን ትወዳለህ?" ብላ ጠየቀችው።

"አንድ ብር አለችኝ፣" አለ። "ያሳደገችኝ እናት፣ እትዬ የሺ፣ ግንባሬ ላይ የለጠፈችልኝ። በመስታወት አድርጌ ሳሎን ሰቅያታለሁ።"

እናቴ ባቄላ የያዘ እጇ አየር ላይ ቀረ። "ይኼ የኛ ክንፈ አይደል? ድምፁን ከፍ አድርገው እስቲ።"

ከፍ አደረግኩት። ምን ላድርግ።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ዞር ብላ አየችኝ። "ለመሆኑ አንተ ያን ቀን ምን ነበር ያልከው? እስከ ዛሬ ሳልጠይቅህ።"

ትርጉሙን ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። "ስለ መኪና ነበር፣ እማዬ። መኪናዬ ያምራል ነው የሚለው።"

"የማን መኪና?"

"የአንድ የማላውቀው ሰውዬ።"

"ኧረ በማርያም!" ብላ ሳቀች፣ እስክታስል ሳቀች። "ለማናውቀው ሰውዬ መኪና ብሬን ልሸልም ነበር?"

እኔም ሳቅኩ። ዝናው፣ ጭብጨባው፣ ሬዲዮው ይሁንለት፤ ይገባዋል፣ ለፍቶበታል። ያቺ ብር ግን ጠዋት በእኔ ስም የተቋጠረች ናት፣ ሰው ሳሎን ተሰቅላም የእኔ ናት። ውጭ የግንቦት ዝናብ ማካፋት ጀምሯል። እናቴ ሳታስበው ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ የንፍሮዋን ሳህን ሸፈነች፤ ጣሪያ ሥር ተቀምጣ። አየኋት። ዛሬም ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ፤ ዛሬም ምን እንደምላት አላውቅም።