ቁልቁለት ላይ የጠፋ ሞተር

ወንድሜ አዲሱን የናፍጣ መኪና የገዛው በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ፣ ስቶክሆልም ውስጥ ሰው ሁሉ መኪናን በሚጠጣው ነዳጅ መመዘን በጀመረበት ጊዜ ነው። በየዓመቱ የሚወጣው ሞዴል ካለፈው ያነሰ ይጠጣል ይባላል። ያም ሆኖ እዚህ የሚሸጡት ግዙፍና ከባድ ስለነበሩ፣ ሮም የሚኖረው የአክስታችን ልጅ በስልክ ይቀልድበት ነበር።

«እናንተ አገር መኪናው ሁሉ ሰካራም ነው! የኔዋ ትንሽዬ እኮ አሽትታ ብቻ ትሄዳለች።»

ወንድሜ ይስቃል፤ ስልኩን ሲዘጋ ግን ፊቱ ይጠቁራል።

ከዚያ ወዲህ ዓይኑ ከመሪው ፊት ካለችው ትንሽ ስክሪን አልነቀል አለ። መኪናው በአማካይ የጠጣውን ታሳያለች፤ ቁጥሩ ሻጩ በሰጠው ወረቀት ላይ ካለው ሁልጊዜ ይበልጣል። አገር ቤት የጭነት መኪና ሹፌር ነበርና የድሮ መላውን አወጣ። ቁልቁለት ሲያገኝ ማርሹን ፎሌ አድርጎ፣ ማለትም ከጥርስ አውጥቶ፣ ሞተሩን ያጠፋል፤ መኪናው በገዛ ክብደቱ ይንደረደራል።

እኔ ስዊድንኛ ማንበብ የተማርኩት በጉልምስናዬ፣ ኮምቩክስ በሚሉት የአዋቂዎች ትምህርት ቤት ነው። ያልገባኝን ቃል ዘልዬ አላልፍም። የመኪናውን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩለት።

«ወንድም ጋሼ፣ መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ ቁልቁለት ሲወርድ፣ እግርህን ከነዳጅ መስጫው ካነሳህ ጠብታ አይጠጣም ይላል። ሞተሩ ከጠፋ ግን ፍሬኑ ይደርቃል። ቁልፉ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ከዞረ ደግሞ መሪው ይቆለፋል።»

«አንቺ ደግሞ! እኔ ጣርማበርን በፎሌ ስወርድ አንቺ ገና ሀሁ አልቆጠርሽም።»

በረዶ በጣለበት አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤቴ ወደ ቮርቢ ጎርድ ሰፈር ሲያደርሰኝ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቁልፉን አዞረ። ድምፁ ሁሉ ቀጥ አለ። ጎማው በረዶውን ሲያደቅ ብቻ ይሰማል። ታች፣ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ፣ አንዲት ሴት የሕፃን ጋሪ ይዛ ቆማለች።

መታጠፊያው ላይ መሪው እምቢ አለው።

«ወይኔ!» አለና የእጅ ፍሬኑን ሳበ። መኪናው ተንሸራቶ፣ መንገድ ዳር ከተከመረው በረዶ ውስጥ ተሰንቅሮ ቆመ። ጋሪው እጄን ብዘረጋ የምነካው ያህል ቅርብ ነበር።

በሩን ከፍቼ ወረድኩ። ሴትዮዋ ጋሪውን ወደ ራሷ ስባ አፏን ከፍታ አየችኝ። ከኋላዬ ሞተሩ ሲነሳ ሰማሁ። ወንድሜ መስኮቱን ዝቅ አደረገ፤ ዓይኑ ግን ስክሪኑ ላይ ነበር።

«ቁጥሩ ወርዷል እኮ!» አለ። «ነይ ግቢ፤ አንድ ቁልቁለት ብቻ ነው የቀረን።»