የማርቲ ስፌት ቤት

ዓብዩ ድሬዳዋ ውስጥ ብዙ ዓመት ባጃጅ ነድቷል። ወገቡ እምቢ ሲለው ባጃጁን ለወንድሙ ለቀቀና ስልኩን ይዞ በየሱቁ መዞር ጀመረ። ፎቶ ያነሳል፣ የሱቁን ስምና ስልክ ቁጥር ጎግል ማፕ ላይ ያስገባል፣ ቲክቶክ ላይ አጭር ቪዲዮ ይለቃል። ቀፊራ ገበያ በርበሬ የምትሸጠው ፋዱማ መጀመሪያ ሳቀችበት። "እኔን ድሬ በሙሉ ያውቀኛል አቦ!" አለችው። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ስልኩን እያየ ፊቷ ሲቆም ግን ራሷ ጎረቤቶቿን እየጎተተች አመጣችለት።

ማርቲን ያገኛት በዚሁ ሥራ ነው። ሳቢያን ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ድሪያ ትሰፋ ነበር፤ ሴቶቹ በሙቀት የሚለብሱትን ስስ ቀሚስ። ባለሙያ ናት፤ ቤቷ ግን ከመንገድ ገባ ያለ ስለሆነ ከሰፈሩ ሰው በቀር የሚያውቃት አልነበረም። ዓብዩ ቀሚሶቹን በሩ ላይ አሰቅሎ ነፋስ ሲያነሳቸው ቀረጸ። ቪዲዮውን ሰው ተቀባበለው።

ሥራው አለቀ፤ እሱ ግን መመላለሱን አልተወም። አዲስ ጨርቅ ገባ ሲባል ይሄዳል። ፎቶው ደብዝዟል ብሎ ይሄዳል። ማርቲ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም ትቀልድበታለች። በልቡ ያለውን አንድም ቀን አልነገራትም።

አንድ ቀን ከሰዓት ሲደርስ የስፌት መኪናው ቆሟል።

"ጅቡቲ ያለች ፋርቱን የምትባል ነጋዴ ቪዲዮህን አይታ ደወለችልኝ" አለችው ማርቲ። "ትልቅ ስፌት ቤት ልትከፍት ነው። ነይ አብረን እንሥራ አለችኝ።"

"ምን አልሻት?"

"እሺ አልኳት።" ቀና ብላ አየችው። "ምነው፣ ደስ አላለህም?"

"ደስ ብሎኛል እንጂ።"

ከከተማው ወጣ እስካለው ባቡር ጣቢያ ድረስ ሻንጣዋን ይዞ ሸኛት።

ስፌት ቤቷ ካርታው ላይ "ተዘግቷል" እንዲል ማድረግ የሱ ሥራ ነበር። ገጹን ይከፍተዋል፣ ፎቶዎቹን ያያል፣ ሳይነካው ይተወዋል። አንዲት ሙሽራ ከእህቶቿ ጋር በዚያ ፀሐይ መጥታ የተቆለፈ በር አገኘች። ገጹ ላይ የሱም ቁጥር ስለነበረ ደወለችለት። "ሰው በከንቱ ታለፋላችሁ!" ብላ ጮኸችበት። ይቅርታ ጠየቃትና ባለበት ቆሞ ስፌት ቤቱን ካርታው ላይ "ተዘግቷል" አደረገው። የዚያን ቀን ምሳ አልበላም።

ከወራት በኋላ ማርቲ ደወለች።

"ዓብዩ፣ እዚህ ሱቃችንን የሚያገኘው ሰው ጠፋ አቦ። ካርታው ላይ አስገባልኝ።"

ጅቡቲን አይቷት አያውቅም። ቦታውን በቴሌግራም ልካለት ስለነበር ሥራው ቀላል ነበር።

"በሩ ላይ ስትቆሚ ምን ይታይሻል?" አላት።

"ይኼም ይገባል እንዴ?"

"ይገባል።"

"እሺ... ከፊት ለፊት ዳቦ ቤት አለ። በግራ በኩል፣ በሁለት ፎቆች መሀል፣ ባሕሩ በጥቂቱ ይታያል።"

"ባሕሩስ ምን ይመስላል?"

ሳቀች፤ ቢሆንም ነገረችው። ስለ ጎረቤቶቿ፣ ስለ ወበቁ፣ አልለምድ ስላላት ምግብም ነገረችው። ዓብዩ ስንት ሰዓት እንደሚከፍቱና እንደሚዘጉ መጠየቅ ነበረበት። ሆን ብሎ ተወው፤ በማግስቱ የሚደውልበት ምክንያት እንዲኖረው።