ዮናስ «ወራጅ አለ!» ያለበት ገጽ

መናኸሪያ አካባቢ ባለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ማንበብ ግን ስለምወድ፣ ሰው የሚያመጣውን ወረቀት ማሽኑ አጠገብ ቆሜ አነባለሁ።

አንድ ቅዳሜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጻፈውን ልቦለድ እንድጠርዝለት ትቶልኝ ሄደ። ገና ስጀምረው ደነገጥኩ። ኖኅ ሰክሮ ከአህያ ጋር ይከራከራል። ጴጥሮስ በመንግሥተ ሰማይ በር ላይ ፊሽካ እየነፋ እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ ሰው ያሰልፋል። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ይጽፋል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጣሪያው የሚወርድብኝ መሰለኝ። ዳግም እንዳላየው ወረቀቱን በፊቱ ደፋሁት። አጠገቡ ለእሑድ የሚባዛ የቤተ ክርስቲያናችን ጥናት ነበር። በድንጋጤ ሳላይ ሰብስቤ ሃያ ቅጂ አወጣሁና በስቴፕለር መታሁ።

እሑድ ከሰዓት የሰፈራችን የጸሎት ኅብረት አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ቤት ተሰበሰበ። ጥናቱ ስለ ዮናስ ነበር። እንደ ልማዳችን በየተራ አንድ አንድ ገጽ እናነባለን፤ አንዱ ሲጨርስ ሁላችን አሜን እንላለን። የመጨረሻው ገጽ ለአንዲት አሮጊት ደረሳቸው። ማንበብ የተማሩት በእርጅናቸው ነው። ጣታቸውን ከመስመሩ ሳያነሱ፣ ቃሉን ሁሉ አክብረው ያነባሉ።

«ዮናስም በዓሣው ሆድ ውስጥ ሆኖ፣ ወራጅ አለ! ብሎ ጮኸ። ዓሣውም፣ እዚህ ፌርማታ የለም፤ ደግሞ ጫማህን አውልቅ፣ ጨጓራዬን ረገጥከው፣ አለው።»

«አሜን!» አልን።

እኔም ብያለሁ። ከዚያ ሁሉም ገጹን መልሶ ማየት ጀመረ።

ሽማግሌው ገጹ አናት ላይ የተማሪውንና የዩኒቨርሲቲውን ስም አዩ። «ሊያላግጥብን ሆን ብሎ ነው ያስገባው! ነገ ዩኒቨርሲቲው ድረስ እሄዳለሁ። ይባረራል!»

በዚያ ኅብረት ውስጥ ድምፄን አሰምቼ አላውቅም፤ የምጸልየው እንኳ በልቤ ነበር።

«እሱ አይደለም» አልኩ።

«ምን አልሽ? ጮክ በይ!»

«እኔ ነኝ። እንዳላየው ደፍቼው፣ አንዱን ገጽ ሳላውቅ ከጥናታችን ጋር አባዛሁት።»

«ውይ፣ ይቺ ልጅ ትናገራለች እንዴ!» አለች አንዷ።

«አንብበሽው ነበር?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ትንሽ።»

«ታዲያ ለምን አልቀደድሽውም?»

«የሰው ወረቀት ነው።»

በዚህ መሀል አሮጊቷ ጣታቸውን ከመስመሩ ሳያነሱ «ወረደ ወይ?» አሉ።

«ማን?»

«ዮናስ ነዋ! ዓሣው አወረደው?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እኔ ከልቦለዱ ይልቅ በእሳቸው ደነገጥኩ፤ የጠየቁት ከልባቸው ነበር።

ሽማግሌው ዩኒቨርሲቲ መሄዱን ተዉት። ጥናቱን ግን ከእንግዲህ ሌላ ቦታ እንደሚያስባዙ በሁሉም ፊት ነገሩኝ። ፊቴ እየነደደ ገጹን ከየሰዉ እጅ ሰበሰብኩ። አሮጊቷ የራሳቸውን አልሰጡኝም።

ሰኞ ጠዋት፣ ልጁ ሳይመጣ፣ ገጹን በቦታው መልሼ ከመጠረዜ በፊት በሩን ገርበብ አድርጌ ዮናስ እስኪወርድ ድረስ አነበብኩ። ለእኚያ እናት የምነግራቸው ነገር ያስፈልገኝ ነበር።