በትንፋሽ የተባለ «አዎ»

መጀመሪያ የጠፋኝ ቃል «ጆንያ» ነው።

ከሰቃ ወረዳ ቡና ጭነን ጅማ ስንገባ ከተማው ግርግር ላይ ነበር። አንድ ድንጋይ በአይሱዙው መስኮት ገብቶ ከግራ ጆሮዬ ከፍ ብሎ መታኝ። ደም እንኳ ብዙ አልፈሰሰም። መጋዘን ደርሼ በእግሬ ወረድኩ፣ ሾፌሩን አመሰገንኩ፣ ሻይ ጠጣሁ። ከዚያ ወዛደሮቹን «ያንን አውርዱ» ልል ስል፣ የ«ያንን» ስም የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ስገዛውና ስሸጠው የኖርኩት ዕቃ ፊቴ ተደርድሮ፣ ስሙ ከአፌ ወጥቶ ሄዷል። ወዛደሮቹ ሳቁ። የማውረጃ ዋጋ ላለመነጋገር ዘዴ ያመጣሁ መሰላቸው።

ከዚያ ራስ ምታት። ከዚያ ትውከት። ከዚያ የለሁም።

ራሱን ተመትቶ ደህና የመሰለ ሰው ደህና ላይሆን ይችላል። ይህን ከኔ ውሰዱ። ሐኪሟ ኋላ እንዳስረዳችኝ፣ እኔ ሻይ ስጠጣ በራስ ቅሌና በአንጎሌ ሽፋን መካከል ደም እየተጠራቀመ ነበር፤ ኤፒዱራል ሄማቶማ ይባላል። ሲቲ ስካን ተነሳሁ። ቅሌ ተከፍቶ ደሙ ወጣ። ስነቃ የሚባለው ሁሉ ይገባኛል። አፌን ስከፍት የሚወጣው ግን ባዶ አየር ነው።

«አፌዥያ ነው» አለች ሐኪሟ። «ቃላቱ አሉ፤ በሩ ነው የተቆለፈው። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመለሰው አንደበትዎ የለመደው ነው። ሰላምታ፣ ጸሎት፣ ቁጥር።»

«ዶክተር፣ የዚህ ሰውዬ አንደበት የለመደው መጨቃጨቅ ብቻ ነው» አለቻት ባለቤቴ ነጃት።

ትልቁ ችግር የመጣው ግን ከፕላስተር ነው። ነርሷ ቁስሌን ልታጥብ ፕላስተሩን ከነጸጉሬ ታነሳለች፤ ታናሽ ወንድሜ ሙስጠፋ ዓይኑ ቀልቶ እግሬ ሥር ተቀምጧል።

«እነሱ ናቸው አይደል?» አለኝ።

«እነሱ» እነማን እንደሆኑ እዚህ አልጽፍም። ብጽፍ ግማሹ አንባቢ ይቆጣል፣ ግማሹ «ብዬ ነበር» ይላል፤ ሁለቱም ለቁስል አይጠቅሙም።

ልክ ሲጠይቀኝ ፕላስተሩ ተላቀቀ። አመመኝ። ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ።

እኛ ዘንድ ትንፋሽ ወደ ውስጥ መሳብ «አዎ» ማለት ነው። ሙስጠፋ ተነስቶ ወጣ። ከኋላው ጮህኩ። አልተሰማም።

«ወንድሜ አረጋግጧል» የሚለው ወሬ ከኔ ቀድሞ ከሆስፒታል ወጣ። መጋዘናችን ውስጥ የነሱ ወገን የሆነ ሁሉ ሥራ ተከለከለ። ቤት ስገባ የሰፈር ጎረምሶች ከመስኮቴ ሥር ስለ ቤንዚን ያወራሉ። አንድ ትንፋሽ ሰፈር ሊያቃጥል ነው። እኔ ደግሞ «ውሃ» ማለት አልችልም።

ከዚያ ሙስጠፋ ጋሽ መርፌን ወደ ቤቴ አስጠራው። ጋሽ መርፌ የምንለው ቡና ሲሞላ የጆንያውን አፍ የሚሰፋልን ሽማግሌ ነው፤ ከነዚያ ከ«እነሱ» ወገን። ያዳነኝ እሱ ቢሆን ታሪኩ ያምር ነበር። አላዳነኝም። ድንጋዩ የመታኝ ቀን ሸቤ ከተማ ልጁን ይድር ነበር። ምንም አላደረገልኝም፤ ምንም አላደረገኝም።

በር ላይ ቆሞ ቆቡን አወለቀ። ተቀመጥ ያለው የለም። ጎረምሶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ያዩታል።

«ከዛሬ በኋላ መጋዘኑ አካባቢ እንዳላይህ» አለው ሙስጠፋ። ከልጅነቱ ጀምሮ «እርስዎ» ሲለው የኖረውን ሰው ነው።

«ሙስጠፋ ልጄ፣ እኔኮ ሸቤ ነበርኩ።»

«አንተ ባትኖር ሰዎችህ ነበሩ። ወንድሜ በራሱ አፍ አዎ ብሏል። ሰፈሩንም ለቃችሁ ብትሄዱ ይሻላችኋል። እነዚህን ጎረምሶች እኔ ይዤ አልዘልቅም።»

«አይሆንም።»

ማን እንዳለው ለማየት እኔም ዞርኩ። ነጃት የያዘችውን የሾርባ ሳህን መሬት አስቀመጠች።

«ምን አልክ?» አለ ሙስጠፋ።

«አይሆንም» አልኩ። ያልገባው ካለ ብዬ በኦሮምኛም ደገምኩት፦ «ሂን ታኡ።» በቀን መቶ ጊዜ ለገበሬውም ለደላላውም የምለው ቃል ነው፤ በሁለቱም ቋንቋ ምላሴ ላይ መንገድ አበጅቷል።

«አልሀምዱሊላህ» አለች ነጃት እያለቀሰች። «ዋጋ ላይ ደረሰ ማለት ነው።»

ሙስጠፋ አልሳቀም። «አዎ ብለኸኝ ነበርኮ።»

ጣቴን ወደ ቁስሌ ወሰድኩ፣ ፕላስተር እንደሚላጥ አድርጌ ሳብኩና ያንኑ ትንፋሽ ሳብኩለት። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ከዚያ አንድ ጣት አነሳሁ። ቃሉ እያላበኝ መጣ።

«አንድ» አልኩ። «አንድ… ሰው።»

አንድ ሰው ነው የወረወረው፤ አረንጓዴ ጃኬት የለበሰ። አይቼዋለሁ። ሰፈር ድንጋይ ሲወረውር አላየሁም።

አንደኛው ጎረምሳ ጫማውን ያያል። ወንድሜ ግትር ነው፣ ከማን እንደወረሰው አውቃለሁ። በመጨረሻ የራሱን ወንበር አንስቶ በሩ አጠገብ አኖረው።

«ጋሼ» አለ፣ «ይቀመጡ።»

ይኸው ነው የዳንኩበት ቀን፤ የስፌቱ ክር የወጣው ከዚያ ኋላ ነው።

ቀሪው ትዕግሥት ነበር። የንግግር ሕክምና እየሄድኩ፣ ማታ ማታ ነጃት ዕቃ እያነሳች «ይሄስ?» እያለችኝ፣ ሳልመልስ ስቀር ደግሞ «ነገ ዋጋው ይጨምራል» እያለች እያሳቀችኝ፣ ቃላቱ እንደ ክረምት መኪና አንዱ ደርሶ ሌላው መንገድ ላይ ተይዞ ተመለሱ። ለፖሊስ ቃሌን ስሰጥ የተናገርኩት ያየሁትን ነው፦ አንድ ሰው፣ አረንጓዴ ጃኬት። ጽሕፈት ላይ የነበረው ልጅ «የየት ሰው ነው?» ሲለኝ «የአረንጓዴ ጃኬት» አልኩት። መጋዘን የተመለስኩ ዕለት ጋሽ መርፌ ከሌሎቹ ሠራተኞች ጋር ወደ ቦታው ተመልሶ ጆንያ ላይ አጎንብሶ ይሰፋ ነበር፤ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ይሄ ማን ይባላል?» አለኝ፣ እኔም ሳላስብ «ጆንያ፤ ስፌቱም ጠማማ ነው» አልኩት፣ ወዛደሮቹም እንደ መጀመሪያው ቀን ሳቁ።

ሐኪሟን፣ ነርሶቹን፣ ራሴን ስስት አፋፍሶ ሆስፒታል ያደረሰኝን ሾፌር አመሰግናለሁ። ነጃትን አላመሰግንም፤ ትኮራብኛለች።

አፌዥያ ያለበትን የምታስታምሙ፣ ዝም አለ ብላችሁ በሱ ፈንታ አትመልሱለት። በአውራ ጣት ተስማሙ፤ ወደ ላይ «አዎ»፣ ወደ ታች «አይደለም»፣ ጥያቄውንም ገልብጣችሁ ድገሙት። በሰው እጅ ለተጎዳችሁም እላለሁ፦ መናደድ መብታችሁ ነው፣ የመታችሁን ሰው ክሰሱት፣ እኔም ከስሻለሁ። ነገር ግን ሕመማችሁን ለሌላ ሰው ምላስ አታውሱ። በሽተኛ ትንፋሹን በሳበ ቁጥር ሰው ጠላቱን የሚያገኝ ከሆነ፣ መጀመሪያ ፕላስተሩን ቀስ ብሎ ያንሳ።